መርፌው እስኪወጣ ድረስ

ሰኔ ሦስት ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከአስር ላይ ሐኪሙ በሩን ዘግቶ እህቴ እንደማትድን ነገረኝ። ሰዓቱን የማውቀው ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰዓት አፍጥጬ እያየሁ ስለነበር ነው። ዓይኔን ከሰዓቱ ስነቅል ደግሞ የተቀመጠበት ወንበር ላይ አረፈ። የክንድ ማሳረፊያው ስፌት ተተርትሮ ስፖንጁ ወጥቷል። ሥራዬ ሶፋ መሥራትና ወንበር ማልበስ ነው። ሰውየው ስለ ቆሽትና ስለ ጉበት ሲያስረዳኝ እኔ በልቤ «ሁለት ክንድ ጨርቅ ይበቃዋል» እል ነበር።

«ከእንግዲህ በሳምንት ነው የምንቆጥረው» አለኝ። «ሦስት፣ ቢበዛ አራት። ለእሷ እንዴት እንደሚነገራት እርስዎ ያውቃሉ፤ ከፈለጉ አብረን እንነግራታለን። ልጅ አላት?»

«አንድ ሴት ልጅ አለቻት። ሌላ ከተማ ነው የምትማረው።»

«ትምጣላት። ዛሬ ነገ አይበሉ።»

እሺ አልኩት፣ አመሰገንኩት፣ እጁን ጨብጬ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሴት ወለሉን እየወለወለች ነበር። ያጸዳችውን እንዳልረግጥባት ግድግዳ ግድግዳውን ይዤ ሄድኩ። እህቴ የተኛችበት ክፍል ሦስት አልጋ አለው። አንዱ ባዶ ነው። በሩ አጠገብ ያለው ላይ ዳሌያቸው የተሰበረ አሮጊት ተኝተዋል፤ እማማ ነው የምንላቸው። እህቴ መስኮቱ ጋ ናት። ስገባ ትራሷን ተደግፋ ቀና አለች።

«ምን ተገኘ?» አለችኝ።

ይህ የሐኪሙን ወሬ መጠየቋ አልነበረም። በእኛ ቤት ሰላምታችን ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ከውጭ የገባ ሰው አንድ አስገራሚ ነገር ይዞ ካልገባ እንደገባ አይቆጠርም። እኔም ጠዋት ሱቄ ውስጥ ሬዲዮ ላይ የሰማሁት አንድ ነገር ነበረኝ።

«አንድ ፔንግዊን ጄኔራል ሆነ» አልኳት።

«ማን?»

«ፔንግዊን። ያ ሲራመድ የሚንገዳገደው ወፍ። የአንድ ንጉሥ የክብር ዘብ ተሰልፎለት፣ ክንፉ ላይ ምልክት አስረውለት፣ ሙዚቃ ተመትቶ። ከዚህ በፊትም ማዕረግ ነበረው፤ አሁን አሳደጉት።»

እማማ ከአልጋቸው ሆነው ሰምተዋል። «የእኔ ባል» አሉ፣ «ሠላሳ ዓመት ጠመንጃ ተሸክሞ በሃምሳ አለቅነት ነው ጡረታ የወጣው። ወፍ ጄኔራል ይሁን?»

እህቴ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ሳቀች። ሕመሙ እየወጋት ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ሳያት ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

እህቴ የክሊኒክ ላብራቶሪ ሠራተኛ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ብቻ በሚይዝ ክፍል ውስጥ፣ ሰው ክንዱን እየዘረጋላት ደም ስትቀዳ ኖረች። መርፌ የሚፈራ ሁሉ እሷ ጋ ነው የሚላከው። ዘዴዋ ቀላል ነበር። ክንዱን በላስቲክ ታስራለች፣ በአልኮል ጥጥ ትጠርጋለች፣ ደም ስሩን በጣቷ ትፈልጋለች። ካገኘችው በኋላ ልክ ለመውጋት ስትል «ኦክቶፐስ ሦስት ልብ እንዳለው ታውቃለህ?» ትላለች። ሰውየው ዓይኑን ከክንዱ ላይ አንስቶ ፊቷን ያያል። «ሦስት?» ሲል መርፌው ገብቷል። «ሁለቱ ለመተንፈሻው ደም ይልካሉ፣ አንዱ ለቀረው ሰውነቱ። ደሙም ሰማያዊ ነው» ትለዋለች። ወሬው የሚያልቀው መርፌው ሲወጣ ነው። ከዚያ ጥጡን ታስይዘዋለች።

ሕግ ነበራት። ወሬው አጭር መሆን አለበት። ስለ በሽታና ስለ ሞት መሆን የለበትም። ከሁሉም በላይ ደግሞ እውነት መሆን አለበት። «ሰው እየዋሸሁት ከመሰለው ዓይኑን ወደ ክንዱ ይመልሳል፤ ያኔ አልቆልኛል» ትል ነበር። ስለዚህ ጋዜጣ ታነባለች፣ ሬዲዮ ትሰማለች፣ ስልኳ ላይ ትፈልጋለች፣ የተጠራጠረችውን ሌላ ቦታ ሄዳ ታረጋግጣለች። ስኳር ያለባቸው በየወሩ ስለሚመጡ ለማን ምን እንደነገረች ሁሉ ታስታውሳለች። ለአንድ ሰው አንድ ወሬ ሁለቴ አትነግርም።

አንድ ጊዜ አንገቱ እንደ በሬ የሆነ የጭነት መኪና ሹፌር መጣባት። መርፌ ሲያይ ተዝለፍልፎ የሚወድቅ ሰው ነው። እዚያ ሩቅ ደሴት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር አንድ እንስሳ አለ፣ ፋንድያው እንደ ሳጥን ባለ ማዕዘን ነው አለችው። ቀድታ ጨረሰች። በወሩ ሰውየው ተመለሰ። ምርመራ የለውም፣ ወረቀትም አልያዘም።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው።

«እህቴ፣ እንዴት አድርጎ ነው ባለ ማዕዘን የሚያወጣው? ወር ሙሉ መሪ ይዤ እሱን ሳስብ ነው የከረምኩት።»

የክሊኒኩ ዘበኛ «ሬዲዮ» ነበር የሚላት። «ሬዲዮ፣ ዛሬ ምን አለ?» ይላታል በር ላይ። ነግራው ትገባለች። እሱም ቀኑን ሙሉ ለሚገባው ለሚወጣው ሲያከፋፍለው ይውላል።

እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ አስራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ እሷ አስራ ዘጠኝ። ባሏ ልጃቸው ዳዴ ሳትል ጥሏት ከሄደ በኋላም እኔ እዚያው ቤት ነበርኩ፤ እኔንና ልጇን አንድ ላይ ነው ያሳደገችን ማለት ይቻላል። ልጅቷን ሚጡ እንላታለን። ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቷ ነበር፤ ትምህርት ቤቷ በአውቶቡስ አስር ሰዓት ይርቃል። እናትና ልጅ በየቀኑ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ይደዋወላሉ። ሚጡ አንድ ወሬ ትናገራለች፣ እናቷ አንድ ወሬ ትመልሳለች፣ ከዚያ «በላሽ? አጠናሽ? ደህና እደሪ» ነው።

ያን ማክሰኞ ሱቄ ተመልሼ የቀን መቁጠሪያውን አየሁ። የሚጡ መውጫ ፈተና የሚያልቀው ሰኔ ሃያ ሰባት ነው። ሃያ አራት ቀን። ሐኪሙ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ሳምንት ብሏል። አራት ሳምንት ሃያ ስምንት ቀን ነው። ይደርሳል አልኩ። እኔ ጨርቅ ሲያጥር ወጥሬ ማድረስ የለመድኩ ሰው ነኝ። ደንበኛ አሳጥሮ ገዝቶ ሲመጣ «አይበቃም» ብዬ መልሼ አላውቅም። ከሥር እየጎተትኩ፣ በሚስማር እየያዝኩ አዳርሰዋለሁ። የእህቴንም ቀን እንደዚያ አሰብኩት። ሚጡ ፈተናዋን ትጨርሳለች፣ በማግስቱ ትሳፈራለች፣ እናቷን አራት ቀን ታገኛታለች። ሐኪሙ ያለው «ቢበዛ» የሚለው ቃል ከጆሮዬ ወጥቶ አራቱ ብቻ ቀረ።

ሌላም ሰበብ ነበረኝ። በሽታው ገና ጨጓራ ነው በሚባልበት ሰሞን እህቴ ራሷ «ሚጡን ፈተናዋን ሳትጨርስ ማንም እንዳያስጨንቅብኝ» ብላኝ ነበር። ያንን ቃል እንደ ፈቃድ ያዝኩት።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ወሬ ይዤ ገባሁ። ጠዋት ሱቅ ስከፍት ሬዲዮዬን ከፍቼ ስፖንጅ እየቆረጥኩ አደምጣለሁ። ደንበኛ ሲገባ ከሶፋው በፊት «አንድ የሚገርም ነገር የሰማህ የለም?» እላለሁ። አንዱ ባለ ሱቅ የወንበር ሽፋን ሊያሠራ መጥቶ በአንድ አገር ድመት የከተማ ከንቲባ ተብላ ዓመታት መኖሯን ነግሮኝ ሄደ። ያንን ይዤ ስገባ እማማ «ቢያንስ አይጥ ትይዛለች» አሉ። እህቴ ሳቀች፣ አሳላት፣ ውሃ አጠጣኋት። ከቀን ወደ ቀን ቆዳዋና የዓይኗ ነጭ ቢጫ እየሆነ መጣ። ሾርባ ሁለት ማንኪያ ወስዳ ትመልሳለች። እኔ ግን ክፍሉ ውስጥ እስካለሁ ድረስ አፌ ሥራ አይፈታም።

«እናንተ ቤት» አሉኝ እማማ አንድ ቀን፣ እህቴ እንቅልፍ ሲወስዳት፣ «በሽታ ሲገባ አይታያችሁም እንዴ? የሚወራው ስለ ድመትና ስለ ወፍ ብቻ ነው።»

«ይታየናል፣ እማማ።»

«ታዲያ ንገራታ።»

«ምኑን?»

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። «እኔ ዳሌዬ ነው የተሰበረው» አሉ፣ «ዓይኔ ደህና ነው።»

ሚጡ በስምንተኛው ቀን ለብቻዬ ደወለችልኝ። የእናቷ ድምፅ አላማራትም።

«አጎቴ፣ እማ ስታወራ ትንፋሽ ያጥራታል።»

«የሆስፒታል አልጋ ነዋ። አንቺም ብትተኚበት ያጥርሻል።»

«ጨጓራ ሰውን ሁለት ሳምንት ያስተኛል?»

«ሐኪሞቹ ጠንቃቃ ናቸው።»

«ማልልኝ።»

«ምን ብዬ ልማልልሽ?» አልኩና እዚያው ላይ ዘልዬ ሌላ ውስጥ ገባሁ። «ከመሐላ ይልቅ ስለ ስድብ ልንገርሽ። አንድ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ አምስት በቀቀኖች አብረው አስቀምጠዋቸው ስድብ ተማማሩልሽ። ጎብኚውን ሁሉ እያዋረዱ ሲያስቸግሩ ለየብቻ አስቀመጧቸው።»

ሳቋ መጣ። «አጎቴ፣ አንተ ብትታሰር እንኳ እንዲህ እያልክ ዘበኛውን ታመልጣለህ» አለችኝ። የእናቷን የሙያ ዘዴ በገዛ ልጇ ላይ እንደተጠቀምኩበት አውቄዋለሁ። ያን ሌሊት ተኛሁ ግን። መዋሸት ይደክማል፣ ያስተኛል።

በአስራ ሁለተኛው ቀን፣ እሑድ ከሰዓት፣ እማማን ለራጅ ይዘዋቸው ወጥተው ክፍሉ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ወንበሬን አልጋዋ አጠገብ ሳብኩ።

«ምን ተገኘ?» አላለችኝም። እጄን ያዘችው። እጇ ቀሎ ነበር።

«ዛሬ ወሬ አልፈልግም» አለች። «ሐኪሙ ያን ቀን ጠርቶህ ምን አለህ?»

«የትኛውን ቀን?»

«አንተ ልጅ።»

እንዲህ ስትለኝ አስራ አንድ ዓመቴ ነው የሚሆነው። እናታችን የሞተች ቀን ደጃፍ ላይ አስቀምጣኝ፣ እጄን እንዲሁ ይዛ፣ ምንም ሳታሽሞነሙን «እናታችን ሞታለች፤ ከዛሬ ጀምሮ እኔና አንተ ነን» ብላኛለች። እሷ ወሬን ለመርፌ ብቻ ነው የምታውለው። ሞትን በስሙ ትጠራዋለች። እኔም በስሙ መጥራት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ።

«እትዬ» አልኩ፣ «ባሕር ላይ የሚኖር አንድ ፀጉራም እንስሳ አለ። ውሃው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነው የሚተኛው። ሲተኙ ማዕበል እንዳይለያያቸው አንዳንዶቹ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ።»

እንዳልተቆጣች ፊቷ ላይ አየሁ፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ጥሩ ወሬ ነው» አለች። «ግን እጅህ ይንቀጠቀጣል። እኔ ስነግራቸው እጄ አይንቀጠቀጥም ነበር።»

ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። እስክትተኛ ጠብቄ ወጣሁ።

አራት ቀን እንዲሁ አለፈ። ሐሙስ ሰኔ አስራ ዘጠኝ፣ ከክሊኒኩ አብሯት የሚሠራው ወጣት ሊጠይቃት መጣ። ወፍራም መነጽር ስለሚያደርግ ሁላችንም ባለመነጽሩ ነው የምንለው። እሷ ናት ሥራ ያስተማረችው። ጥቂት ተጫውቶላት ሲወጣ ሸኘሁት። ደረጃው ላይ ቆመና መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር።

«ነገርካት?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ጋሼ፣ እሷ እኮ ታውቃለች። እዚህ ከመተኛቷ ሁለት ሳምንት በፊት ነው ያወቀችው። የራሷን ደም በእኔ አስቀድታ፣ ራሷ አንብባ፣ ወደ ራጅ ክፍል በእግሯ ሄዳ ነው ውጤቷን ያየችው። ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሰው መንገድ እንዲያገኝ እግሬን ሰበሰብኩ።

«ለምን አልነገረችኝም?»

«‹ወንድሜ የእናታችንን ሞት ከእኔ አፍ ነው የሰማው፤ የእኔንም ከእኔ አፍ አላሰማውም› አለችኝ። ‹ሐኪም ይንገረው። ከዚያ ወንድሜ ራሱ መጥቶ ሲነግረኝ፣ መሸከም መቻሉን አያለሁ፤ ያኔ ልጄን ጥራልኝ እለዋለሁ› አለች። ያንን ነው የምትጠብቀው። ዛሬ ሳያት ግን ጋሼ፣ ብዙ የምትጠብቅ አልመሰለኝም። መሐላዬን ያፈረስኩትም ለዚያ ነው።»

ተነስቼ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ወንበሩ ላይ አልተቀመጥኩም፤ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ፊቴን ከፊቷ እኩል አደረግኩ።

«እትዬ፣ ሐኪሙ ሦስት ሳምንት፣ ቢበዛ አራት ነው ያለኝ። አስራ ስድስት ቀን ሆነው።»

እጇን ጭንቅላቴ ላይ አሳረፈች።

«ጎበዝ» አለች። ከዚያ ወዲያው፣ ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ተዘጋጅቶ እንደቆየ ሁሉ፣ «ሚጡን ጥራልኝ» አለች።

«ፈተናዋ?»

«ፈተና ይደገማል።»

በአንድ ሰዓት፣ በተለመደው ሰዓታቸው ደወልኩ። ስልኩን የያዝኩት እኔ መሆኔን ስትሰማ ሚጡ ወሬዋን አልጀመረችም። ነገርኳት። በመጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ በሽታው አልነበረም።

«አንተ ካወቅህ ስንት ቀን ሆነህ?»

«አስራ ስድስት ቀን።»

«አስራ ስድስት» አለች። «እኔ በአስር ሰዓት ውስጥ እደርስ ነበር።»

እናቷ ስልኩን እንዳቀርብላት በጣቷ ጠቆመችኝ፤ ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። መስኮቱ ጋ ሄጄ ውጭ የቆሙትን መኪናዎች አየሁ።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ሚጡ ተሳፈረች። እህቴ ሌሊቱን ብሶባት አደረች። ጠዋት ሐኪሙ አይቷት እኔን ሲያልፍ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ፤ ያ መናገር ነው። መናገር አቅቷታል፣ ግን ትሰማለች። ስልኩን ትራሷ ላይ ጆሮዋ ሥር አስቀመጥኩት፤ ሚጡ መስመር ባለበት ሁሉ ትደውላለች፣ ተራራ ሲጋርድ ይቋረጣል፣ ሜዳ ሲመጣ ትመለሳለች። እናቷ ከሰማች ጣቴን ትጫነዋለች፤ እኔ «ሰማች» እላለሁ።

«እማ፣ ተነስተናል። ዛሬ የእኔ ተራ ነው፣ አንቺ አርፈሽ ስሚ። የቀጭኔ አንገት ያን ያህል ረዝሞ አጥንቱ ሰባት ብቻ ነው። ልክ እንደ እኔና እንደ አንቺ።»

ጣቴን ተጫነችው። «ሰማች።»

«እማ፣ ቬነስ የምትባለው ፕላኔት ላይ አንድ ቀን ከአንድ ዓመት ይረዝማል። ይሄ አውቶቡስም እዚያ ነው የሚሄደው መሰለኝ።»

«ሰማች።»

እማማ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ፊታቸውን ወደኛ አድርገው ነበር። አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ነርሷ መጥታ ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ አበሰችላት። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። ሚጡ ከግማሽ አልፋለች። ሰውነቴ ሁሉ ያንን አውቶቡስ ይገፋ ነበር።

«እማ፣ ላሞች የልብ ጓደኛ አላቸው አሉ። ከጓደኛቸው ጋር ሲያስሯቸው ይረጋጋሉ፣ ሲለዩዋቸው ልባቸው ቶሎ ቶሎ ይመታል።»

ጣቴን ነካችው። መጫን አልነበረም፣ መንካት ነው። «ሰማች» አልኩ።

መስመሩ ተቋረጠ፣ ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ። አሁን ሚጡ እየሳቀች ነበር፤ እያለቀሰች መሳቅ።

«እማ፣ ይሄንን ከጋዜጣ አላመጣሁትም፣ እዚሁ ፊቴ ያለ ነው። አንድ ሰውዬ ፍራሽ ጠቅልሎ ይዞ ገብቶ መቀመጫ ላይ አስቀምጦታል። ረዳቱ አውርደው ይላል። ሰውየው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ‹ለፍራሹም ትኬት ቆርጫለሁ። እሱ ይቀመጥ፣ እኔ እቆማለሁ› ይላል። ረዳቱ ደግሞ ‹እሺ ፍራሹ መታወቂያውን ያሳይ› ይላል።»

ጣቴን አየሁ። የእህቴ እጅ እንደያዘኝ ነው፣ ግን አልያዘኝም። ደረቷን አየሁ። አንድ ጊዜ ከፍ አለ፣ ወረደ። ጠበቅሁ። ነርሷ ከበሩ መጥታ አንገቷ ላይ ሁለት ጣቷን አሳረፈች፣ ሰዓቷን አየች። ስምንት ሰዓት ከሃያ አምስት።

ትራሱ ላይ ሚጡ ታወራለች። ተሳፋሪው ሁሉ ለሁለት እንደተከፈለ፣ ግማሹ ለፍራሹ ግማሹ ለረዳቱ እንደወገነ ትናገራለች። «እማ፣ እየሳቅሽ ነው?» አለች።

ስልኩን አነሳሁ።

«ሚጡ።»

«አጎቴ፣ ሰማችው?»

ሰማች ማለት እችል ነበር። ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የቀራት፤ እየተረከች ትመጣ ነበር። አክስታችን በኋላ «ለመንገደኛ ልጅ፣ ባዕድ መሐል፣ በስልክ ይነገራል?» ብላ ሰው ሁሉ ፊት ወቅሳኛለች። ትክክል ትሁን አትሁን ዛሬም አላውቅም። የማውቀው አስራ ስድስት ቀን የዘጋሁት አፍ ሌላ ሁለት ሰዓት አልዘጋም ማለቱን ነው።

«እናትሽ አረፈች» አልኳት። «አሁን። ስታወሪላት።»

የሞተሩ ድምፅ ይሰማኛል። ሰውየው አሁንም ስለ ፍራሹ ይከራከራል። ከዚያ አንዲት ሴት «ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» ስትል ሰማሁ፣ ሌላ ሰው «ዝም በሉ እስቲ» አለ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ዝም አለ። ስልኩን አልዘጋችውም። እኔም አልዘጋሁትም። መስመሩ ራሱ እስኪቋረጥ እንዲያ ቆየን።

አስር ሰዓት ተኩል ላይ በበሩ ገባች። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀምጣ እናቷን ሳመች፣ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ ሁለት እጇን። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያለቅሱ ነበር። ሚጡ ገና አላለቀሰችም። ወደ እኔ ዞረች።

«የቱን ሰምታ ነው ያረፈችው?» አለችኝ።

«የላሞቹን ሰምታለች። ጣቴን ነክታኛለች።»

«የፍራሹንስ?»

«አላውቅም» አልኳት። «ያን ጊዜ ነው መሰለኝ። እርግጠኛ አይደለሁም።»

ራሷን ነቀነቀች። የእናቷን ፀጉር ከግንባሯ ላይ መለስ አደረገች፣ ትራሱን አስተካከለች፣ ከዚያ እኔ ስቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

ፈተናውን በዓመቱ ወስዳ አለፈች። ሥራ ያገኘችው እዚያው በተማረችበት ከተማ ነው። ከዚያ ወዲህ እኔ ቤት አንድ ጊዜ መጥታለች፣ የእናቷን ልብሶች ልትወስድ፤ አንድም ወሬ ሳትነግረኝ አድራ በማግስቱ ጠዋት ተመለሰች።